ቀብር የሌለበት ለቅሶ፦ ክሪሜሽን ለገጠማችሁ

ባለቤቴ ያረፈው በየካቲት፣ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ቤታችን ውስጥ፣ የማይድን ሕመምተኛን ቤት ድረስ መጥተው የሚያስታምሙት ሆስፒሶች ባመጡለት አልጋ ላይ። ገና በደንብ ሳይነጋ ስልኬ መጮህ ጀመረ። ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ቀብሩ መቼ ነው?»

እሱ አሜሪካዊ ነው። ኦሃዮ ተወልዶ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገ። አስከሬኑ እንዲቃጠል፣ ማለትም ክሪሜሽን እንዲደረግለት፣ የሚፈልግ መሆኑን ከመታመሙ ከዓመታት በፊት ነግሮኛል። በጽሑፍም አስቀምጧል። እኔ ጎጃም በረንዳ ያደግሁ ነኝ። እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሟች ይገነዛል፣ ይፈታል፣ ይቀበራል። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር «እሺ፣ እንዳልከው» ስለው ኖሬያለሁ። ቀኑ ሲደርስ ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አራት ቤተሰብ ደውሎልኛል። አንዷ እንደኔ ፈረንጅ ያገባች ናት። አንዱ እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጁ «አቃጥሉኝ» ብሎ ጽፎ የሞተበት አባት ነው። ለእነሱ በስልክ ያልኩትን ነው እዚህ የማሰፍረው።

መጀመሪያ የእናቴ ጥያቄ

እናቴ አዲስ አበባ ናት። መርዶውን በስልክ አልነገርኳትም። እህቴ ሁለት ጎረቤት አስከትላ በሌሊት ሄዳ አረዳቻት። ከሰዓት በኋላ ራሷ ደወለች። እሷም ስለ ቀብሩ ጠየቀችኝ። ልዋሻት አልቻልኩም፤ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ እኔ የት ቆሜ ላልቅስለት?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ የመራኝ ይህ ጥያቄ ነው። እኛ እርማችንን የምናወጣው አስከሬን አይተን፣ አፈር ሲለብስ ቆመን ነው። ክሪሜሽን ሁለቱንም ሊያሳጣን ይችላል። ሰውዬው ከሆስፒታል ይወሰዳል፣ ከሳምንት በኋላ ትንሽ ሳጥን ይመጣል፣ በመሃል ማንም ምንም አላየም። እንዲህ የሆነባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ዓመት አልፏቸውም የሞተ አይመስላቸውም።

ግን የግድ እንደዚያ መሆን የለበትም። ዋጋ ከመጠየቃችሁ፣ ዕቃ ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ወስኑ። ሰው አስከሬኑን የሚሰናበተው መቼ ነው? አመዱስ በመጨረሻ የት ያርፋል? ሁለቱን ከመለሳችሁ ሌላው ሁሉ እየተደረደረ ይመጣል።

ሃይማኖታችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ

ሟቹ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ከሆነ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቀብር ነው። ግንዘቱም ፍትሐቱም የተሠራው ለሚቀበር ሰው ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የነፍስ አባቱን አነጋግሩ። ከፈረማችሁ በኋላ ሄዶ «አሁን ፍቱልኝ» ማለት ካህኑንም እናንተንም ጭንቅ ውስጥ ይከታል። እስልምናም አስከሬን ማቃጠልን አይፈቅድም፤ ቀብሩም ይፈጥናል፤ ስለዚህ የሟቹ ወገኖች ሙስሊሞች ከሆኑ ወዲያው መስጊዱ ጋ ደውሉ። ካቶሊኮች በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1963 ጀምሮ ይፈቀድላቸዋል። ቫቲካን በ2016 ባወጣችው መመሪያ ግን አመዱ በተቀደሰ ቦታ እንዲያርፍ፣ እንዳይበተን ታዛለች። ጴንጤ ቤተሰብ የራሱን ፓስተር ይጠይቅ።

የእኔ ባለቤት ኦርቶዶክስ ስላልነበረ የነፍስ አባቴ ነገሩን በግልጽ ነገሩኝ። «ፍትሐት አላደርስም። ቤትሽ መጥቼ ግን ከአንቺና ከልጆችሽ ጋር እጸልያለሁ» አሉኝ። መጡም። ሦስት ቀን ተመላለሱ። ግልጽ መልስ ማግኘቴ ራሱ አሳረፈኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሟቹ መቀበር የሚፈልግ ሰው ሆኖ፣ ቤተሰቡ «አገር ቤት መላክ ውድ ነው» ብሎ ብቻ ወደ ክሪሜሽን እያዘነበለ ከሆነ እባካችሁ ቆም በሉ። እድሩን ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያኑን ጠይቁ። እዚህ አገር ያለ አበሻ ለዚህ ጉዳይ እጁን አያጥፍም። የሟቹን ፈቃድ ገንዘብ መወሰን የለበትም።

ማን ይፈርማል

ክሪሜሽን አንዴ ከተደረገ መመለሻ የለውም። ለዚህ ነው ወረቀቱ የሚበዛው። በአብዛኛው ስቴት ቅድሚያ ያለው ሟቹ በሕይወት እያለ በጽሑፍ የወከለው ሰው ነው። ቀጥሎ የትዳር ጓደኛ፣ ቀጥሎ ዕድሜያቸው የደረሰ ልጆች፣ ቀጥሎ ወላጆች፣ ወንድምና እህት። እኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም ወይም አጎት ይወስናል፤ ሕጉ ግን በዚህ ተርታ ነው የሚሄደው። ልጆቹ ብዙ ከሆኑ የአንዱ ፊርማ ላይበቃ ይችላል። ባልና ሚስት ሳይፈራረሙ አብረው የኖሩ ከሆነም ነገሩ ይከብዳል። ስለዚህ ዛሬ ጤነኛ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ሰዎች ፈቃዳችሁን ጻፉት። መቃጠል ብትፈልጉም፣ መቀበር ብትፈልጉም።

አስከሬኑን የቅርብ ሰው አይቶ «አዎ፣ እሱ ነው» እንዲል ይጠየቃል። በብዙ ስቴት 24 ወይም 48 ሰዓት ሳይሞላ ማቃጠል አይፈቀድም። ቨርጂኒያ ላይ ደግሞ ሜዲካል ኤግዛሚነሩ፣ የሞትን ምክንያት የሚመረምረው የመንግሥት ሐኪም፣ አይቶ መፍቀድ አለበት። ስለዚህ «ነገ ይለቅ» የሚል ዘመድ ካላችሁ አረጋጉት።

ስልክ መደወል

ዓርብ ጠዋት ሥራ ባልደረባዬ መጥታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ደብተር ዘርግታ ተቀመጠች። እኔ ማውራት ስለማልችል እሷ አምስት ፊውነራል ሆም፣ የቀብርና የክሪሜሽን አገልግሎት የሚሸጡ ድርጅቶች ጋ፣ ደወለች። ለአንድ ዓይነት አገልግሎት የነገሯት ዋጋ ከአንዱ አንዱ እስከ ሦስት እጥፍ ይለያያል። ይህ ሥራ የባለቤቱ ወይም የእናት መሆን የለበትም። ያላዘነ ሰው ይደውል። «ለቅሶ ደርሼ ምን ላግዝ?» ለሚል ወዳጅ ስጡት።

የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1984 ጀምሮ የሚያስከብረው የፊውነራል ደንብ አለ። በስልክ ዋጋ ከጠየቃችሁ ሊነግሯችሁ ግድ ነው። በአካል ስትሄዱ የታተመ የዋጋ ዝርዝር ሊሰጧችሁ ግድ ነው። የምትፈልጉትን ለይታችሁ መግዛት ትችላላችሁ። የአመድ ማስቀመጫውን ከውጭ ብትገዙ «አንቀበልም» ሊሏችሁ፣ ወይም ለዚያ ብለው ሊያስከፍሏችሁ አይችሉም።

ይህን የምዘረዝረው ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። አንዱ ፊውነራል ሆም ውስጥ የተቀበለን ሰው «ለክሪሜሽንም ሳጥን መግዛት በሕግ ግዴታ ነው» አለን። አይደለም። ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት በቀጥታ ለሚደረግ ክሪሜሽን ከካርቶን ወይም ከኮምፔርሳቶ የተሠራ ቀላል ሳጥን ይበቃል፤ አገልግሎቱን የሚሸጥ ቤት ሁሉ ይህን አማራጭ ማቅረብ አለበት። የዚያን ዕለት ጓደኛዬ ዝርዝሩን አንብባ ባትነሳ ኖሮ እኔ እፈርም ነበር። እያለቀሰ የሚፈርም ሰው አያነብም።

የምትጠይቁትን በቃል ያዙ። «ጠቅላላ ስንት ነው?» አትበሉ። «የማቃጠያው ቤት ክፍያ በዚህ ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው ነው?» በሉ። ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው። ማቃጠያው የራሳቸው ነው ወይስ ሌላ ቦታ ይወስዱታል? እስከዚያ ድረስ የት ይቆያል? የሞት ምስክር ወረቀት በስንት ኮፒ ይመጣል? እኔ አሥር ኮፒ አስወጣሁ፤ ባንኩ፣ ጡረታው፣ የቤቱ ስም፣ ኢንሹራንሱ ሁሉም ዋናውን ይፈልጋሉ። ሶሻል ሴኩሪቲ ለትዳር ጓደኛ የሚሰጣት የአንድ ጊዜ ክፍያ 255 ዶላር ናት፤ ትንሽ ናት፤ ግን ጠይቁ።

ለግምት እንዲሆናችሁ፦ የአሜሪካ የፊውነራል ዳይሬክተሮች ብሔራዊ ማኅበር በ2023 ያወጣው መካከለኛ ዋጋ አስከሬን ታይቶ ለሚደረግ ቀብር 8,300 ዶላር ነው። ታይቶ ለሚደረግ ክሪሜሽን 6,280 ዶላር። ልዩነቱ ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም። ቅናሹ የሚመጣው ስንብቱ ሲቀር ነው። እኔ የምላችሁ ግን ስንብቱን አታስቀሩ። ሌላ ነገር ቀንሱ።

እድራችሁንም አትርሱ። የእኛ እድር ደንብ «ለቀብርና አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ» ይላል እንጂ ስለ ክሪሜሽን አንድም ቃል የለውም። ሰብሳቢው ደግ ሰው ስለሆኑ አባላቱን አስማምተው ከፈሉልኝ። አሁን ደንቡ ተሻሽሏል። የእናንተም እድር ደንብ ምን እንደሚል በሚቀጥለው ስብሰባ ጠይቁ፤ ሰው ሳይሞት።

ስንብቱ ከእሳቱ በፊት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስንብት አደረግን። ሳጥኑ የኪራይ ነው። አዎ፣ ይከራያል። ውጪው ያማረ እንጨት ሆኖ ውስጡ የሚወጣ ቀላል ሳጥን አለው። ሰው ሲሰናበት የሚያየው እንጨቱን ነው፤ ወደ እሳቱ የሚሄደው የውስጡ ነው። መግዛት አያስፈልግም።

አስከሬን የሚያደርቀውን መድኃኒት መውጋትም ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም። ሕዝብ በሚታደምበት ስንብት ብዙ ፊውነራል ሆሞች ይጠይቃሉ። ለቤተሰብ ብቻ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ግን ማቀዝቀዣ ይበቃል የሚሉ አሉ። ጠይቁ።

ልብሱን እኔ ነኝ ያመጣሁት። የጥጥ ሸሚዝና ሱሪ። ጫማ አያስፈልግም፤ ጎማና ቆዳ አይፈልጉም። ከላይ እናቴ ከአሥር ዓመት በፊት የላከችለትን ጋቢ አለበስኩት። ክረምት ክረምት ሶፋ ላይ እሱን ተጠቅልሎ ነበር የሚያነበው። አንድ ጥግ ላይ ቡና ፈሶበት ያልለቀቀ ነጠብጣብ አለ። ላጥበው ነበር፤ ተውኩት። «ጋቢውስ አብሮ ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥጥ ስለሆነ ይሄዳል አሉኝ።

ቀለበቱን አወለቅሁ። ይህን እናንተም አድርጉ። ወርቅ እዚያ ውስጥ ገብቶ ቀለበት ሆኖ አይወጣም። መነጽር፣ ሰዓት፣ ጠርሙስ፣ ባትሪ ያለው ነገር አብሮ አይገባም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፔስሜከር፣ የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ካለው ተናገሩ። ባሌ ደረቱ ላይ ነበረው ለምትሉ ሁሉ የምለው ይህ ነው፦ ባትሪው በሙቀት ስለሚፈነዳ አስቀድሞ መውጣት አለበት፤ ሐኪሙ ነግሯቸዋል ብላችሁ አትለፉት።

በዚያ ስንብት ላይ አበሻው አለቀሰ። ደረት ተመታ። የባለቤቴ እህት ከኦሃዮ መጥታ ነበር፤ ቀድሜ ነግሬያታለሁ። «የእኛ ሰው ጮክ ብሎ ነው የሚያለቅሰው፤ አትደንግጪ፤ ይህ ለወንድምሽ ክብር ነው» ብያታለሁ። ባልነግራት ኖሮ አምቡላንስ ትጠራ ነበር ብዬ አስባለሁ። እሷ ግን ሄዳ አክስቴ አጠገብ ቆመች። አክስቴ እጇን ይዛ አለቀሰች። ሁለቱ በቋንቋ አይግባቡም።

ረቡዕ ጠዋት

ብዙ ቦታ አስከሬኑ ወደ እሳቱ ሲገባ ቤተሰብ ቆሞ እንዲያይ ይፈቀዳል። ተጨማሪ ክፍያ ሊኖረው ይችላል፤ ቀድሞ ማስመዝገብም ያስፈልጋል። መሄድ አለባችሁ አልልም። እኔ ግን እርሜ የወጣው እዚያ ነው። ስለዚህ ያየሁትን እነግራችኋለሁ፤ የሚያስፈራው የማናውቀው ነገር ስለሆነ።

ክፍሉ እንደ ትልቅ ጋራዥ ነው። ንጹሕ ነው። መሃሉ ላይ የብረት በር ያለው ትልቅ ምድጃ አለ፤ ውስጡ በጡብ የተለበጠ። ሠራተኛው ወጣት ልጅ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ሳጥኑ ላይ የባለቤቴ ስም በማርከር ተጽፏል። ከሳጥኑ ጋር ቁጥር የተቀረጸባት፣ የሳንቲም ያህል ክብ ብረት አለች። ልጁ ቁጥሯን ከወረቀቱ ጋር እንዳስተያይ አሳየኝ። ያቺ ብረት አብራው ትገባለች፤ አትቀልጥም፤ ከአመዱ ጋር ትመለሳለች። «የኛ መሆኑን በምን እናውቃለን?» ለሚል ሰው መልሱ እሷ ናት። በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው።

ልጄ «እኔ ልጫን» አለ። ሃያ ዓመቱ ነው። ቁልፉን ጫነ። በሩ ወረደ። ነበልባል አላየንም። የጋዙ ድምፅ ብቻ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ነፋስ። ቆመን አባታችን ሆይ አልን፤ እኔ በአማርኛ፣ የባለቤቴ እህት በእንግሊዝኛ። ጭሱ ይታያል ብዬ ውጪ ወጥቼ ሰማዩን አየሁ። ምንም የለም።

ሙቀቱ ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ለአንድ አዋቂ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ እንደ ሰውነቱ ክብደት ያንሳል ወይም ይረዝማል። የሚቀረው አጥንት ነው። ሲቀዘቅዝ የጉልበት ብረትና ምስማር ካለ ይለቀምና አጥንቱ ይፈጫል። በዚያው ቀን አንጠብቅም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደውለው ጠሩን።

አመድ የምንለው

አመድ ስንል የምድጃ አመድ ነው የሚመጣብን። እፍ ሲሉት የሚበን። እሱ አይደለም። የተፈጨ አጥንት ነው፤ ነጣ ያለ ግራጫ፣ እንደ ሻካራ አሸዋ። ይከብዳል። ለአንድ አዋቂ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ገደማ ይሆናል። በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ፣ ባለ ቁጥሯ ብረት አብራው ሆና፣ በጥቁር ፕላስቲክ ሳጥን ነው የሰጡኝ። መኪና ውስጥ የት እንደማስቀምጠው ቸገረኝ። መጨረሻ ላይ ልጄ ጭኑ ላይ ይዞት ሄደ።

ማስቀመጫ ስትገዙ ልኩን እወቁ። ለእያንዳንዱ ፓውንድ የሰውነት ክብደት አንድ ኪዩቢክ ኢንች ይታሰባል፤ 200 ኪዩቢክ ኢንች የሚይዝ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የሆነውን ውሰዱ። ኤርፖርት ላይ በኤክስሬይ ማለፍ አለበት፤ ብረት ወይም ድንጋይ ከሆነ ውስጡ ስለማይታይ ይመልሷችኋል። ፈታሾቹ ከፍተው አያዩም፤ እናንተ ክፈቱልን ብትሉም አይከፍቱም። የክሪሜሽኑን ወረቀትና የሞት ምስክሩን አብራችሁ ያዙ። በእጅ ይዛችሁ ግቡ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት። ወደ ኢትዮጵያ ከሆነ ኤምባሲውንና አየር መንገዱን ቀድማችሁ ጠይቁ። በፖስታ መላክ ካስፈለገ በአሜሪካ ውስጥ የሚቀበለው የመንግሥት ፖስታ ቤት ብቻ ነው፤ የራሱ ሳጥን አለው።

«ቀብር የለም» እንዴት ይባላል

አበሻው ካልተነገረው ቀብር ይፈልጋል። አንዱ ለአንዱ እየደወለ ወሬው ይጣመማል። እኔ ዓርብ ማታ በዋትስአፕና በቫይበር ይህን ላክሁ፤ ከፈለጋችሁ ውሰዱት።

«ውድ ባለቤቴ ትናንት ሌሊት አርፏል። በኑዛዜው መሠረት አስከሬኑ በክሪሜሽን ይሸኛል፤ የቀብር ሥነ ሥርዓት አይኖርም። አስከሬኑን የምንሰናበተው ማክሰኞ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ለቅሶ ቤታችን ነው። የአርባ ቀን መታሰቢያውን ቦታና ሰዓት እናሳውቃለን።»

«በኑዛዜው መሠረት» የምትለው ቃል ብዙ ክርክር ታስቀራለች። እኛ ኑዛዜ እናከብራለን። ሰዓቱን በአበሻ አቆጣጠር ስትጽፉ ለፈረንጆቹ በሌላ መልእክት በእነሱ ሰዓት ጻፉ፤ አንድ ላይ ከተላከ ሰው ይሳሳታል።

ቤት መጥተው «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ያሉኝ ነበሩ። አልተከራከርኩም። «ቃሉን ነው የጠበቅሁት» አልኩ። ከዚህ በላይ የማስረዳት ዕዳ የለባችሁም።

አርባው

ክሪሜሽን አንድ ነገር ይሰጣል፤ ጊዜ። ቀብር ይቸኩላል። መታሰቢያ ግን መጠበቅ ይችላል። አሜሪካኖቹ ከሩቅ ስለሚመጡ ከሳምንታት በኋላ ማድረግ ይመርጣሉ። እኔ አርባው ቀን አጠገብ ባለው ቅዳሜ አደረግሁት። ለእነሱ «ሜሞሪያል» ሆነላቸው፤ ለእኛ አርባ ሆነልን። ሁለቱንም ወገን አንድ ቀን ያስማማው ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ ድብልቅ ቤተሰብ ላላችሁ አጥብቄ የምመክረውም ይህን ነው።

የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራየን። አሜሪካኖቹ እንመጣለን ብለው የመለሱት ስልሳ ናቸው፤ ስልሳ መጡ። አበሻው ምንም አልመለሰም፤ መቶ ሃምሳ ሆኖ መጣ። ወንበር ስትቆጥሩ ይህን አስቡ። ጧፍ ማብራት ከፈለጋችሁ አዳራሹን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የእኛው እሳት ስለማይፈቅድ የባትሪ ሻማ ነው ያደረግነው።

ፊት ለፊት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ፎቶውን አስቀመጥን። አጠገቡ አመዱ ያለበትን የእንጨት ሣጥን በነጭ ነጠላ ሸፈንነው። ሰው እየገባ ወደዚያ ጎንበስ ይላል። ባዶ ጠረጴዛ ቢሆን ኖሮ ወዴት እንደሚዞር አያውቅም ነበር።

ተናጋሪ አታብዙ። አራት ሰው ተናገረ፤ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ። አንዱ በአማርኛ እንዲናገር አደረግሁ፤ ጎረቤታችን የነበሩ ታክሲ ነጂ አባት። ባለቤቴ እንዴት የጤፍ ዱቄት ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እንዳወጣላቸው ነገሩ። ልጄ ተረጎመ። አሜሪካኖቹ ሲናገሩ የሚያስቅ ነገር ያወራሉ፤ አዳራሹ ይስቃል። እናቶቻችንን ቀድማችሁ አስጠንቅቋቸው። ንቀት አይደለም፤ የእነሱ ለቅሶ እንዲህ ነው።

ምግቡን የእድሩ ሴቶች ሠሩት። ጾም ነበር፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ንፍሮም ነበር። ቡና ተፈላ። የባለቤቴ ወንድም ንፍሮውን እያፈሰ ይበላ ነበር።

ባሕሩና መቃብሩ

እሱ የፈለገው ባሕር ነው። በበጋ ኦሽን ሲቲ ትንሽ ጀልባ ተከራይተን ወጣን። የፌዴራል ሕጉ ከባሕር ዳር ቢያንስ ሦስት የባሕር ማይል መራቅ ያዛል፤ ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት፣ ለኢፒኤ፣ ማሳወቅ ያስፈልጋል። አበባ መጣል ይቻላል፤ ፕላስቲክ ያለበት ጉንጉን አይቻልም። ሐይቅና ወንዝ ላይ ሕጉ የስቴቱ ነው። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ፈቃድ ይጠየቃል። የሌላ ሰው መሬት ላይ ባለቤቱን አስፈቅዱ።

ነፋሱን ጀርባችሁ ላይ አድርጉ። እጃችሁን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጉ። ከፍ አድርጋችሁ ከበተናችሁት ደቃቁ ፊታችሁ ላይ ይመለሳል፤ እንዲህ ሆኖ ሰው ሲደነግጥ የጀልባው ሰውዬ ብዙ ጊዜ አይቷል። ሻካራው ወዲያው ይሰምጣል። ደቃቁ ውሃው ላይ እንደ ወተት ትንሽ ተዘርግቶ ቆየ፤ ከዚያ ጠፋ።

ሁሉንም ግን አልበተንኩም። ግማሹን አስቀርቻለሁ። በሕይወት እያለ ነግሬዋለሁ፤ «የምሄድበት ስጠኝ» ብዬው «እሺ» ብሎኛል። እናንተም ይህን ንግግር አሁን አድርጉት። መከፋፈል ይቻላል፤ ፊውነራል ሆሙ ራሱ በሁለት ማስቀመጫ ያደርግላችኋል።

ግማሹን ሚያዝያ ላይ መካነ መቃብር ውስጥ ቀበርነው። ለአመድ የሚሰጠው ቦታ ትንሽ ነው፤ ከሙሉ መቃብር ይረክሳል። ግን የቦታው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ለመቆፈሪያና ለመዝጊያ ለብቻ ይከፈላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ማስቀመጫው የሚገባበት ተጨማሪ ሳጥን ይጠይቃል። የድንጋዩ ልክና ዓይነትም በመካነ መቃብሩ ደንብ የተወሰነ ነው። ድንጋይ ከማዘዛችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ። በግድግዳ ላይ ያለች ትንሽ ሳጥንም አለች፤ አመዱ ይገባባትና ስሙ ከፊት ይጻፍባታል። ሟቹ የአሜሪካ ወታደር የነበረ ከሆነ በብሔራዊ የወታደሮች መቃብር ቦታውም ድንጋዩም በነጻ ነው፤ የትዳር ጓደኛውም አብሮት ማረፍ ትችላለች።

ድንጋዩ ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሥሩ በግዕዝ ፊደል። ፊደሉን ጠራቢው ስለማያውቀው በትልቁ አትሜ ሰጠሁት፤ ሳይጠርብ በፊት ንድፉን ልኮ አሳየኝ። ሁለት ሆሄ ተገልብጦ ነበር። ንድፉን ሳታዩ እሺ አትበሉ።

እናቴ ባለፈው ግንቦት ቪዛ አግኝታ መጣች። በማግስቱ «ውሰጂኝ» አለች። ወሰድኳት። ድንጋዩን በእጇ ዳሰሰችው። ስሙን በፊደሉ አነበበች። ከዚያ አለቀሰችለት፤ እንደ አገሯ፣ እንደ ልጇ፣ ስሙን እየጠራች። የላከችለትን ጋቢ በቃሏ እያነሳችም አለቀሰች። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። እዚያ መቀመጫ የለም፤ ሣሩም ጠዋት እርጥብ ነው። እናት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ታጣፊ ወንበር መኪና ውስጥ አድርጉ።